ድንቁ ለባሌ የፎከረው

ሰሞኑን ከዴም ገበያ ስመለስ አንድ ረክሻ፣ ማለት ባለሦስት እግር ባጃጅ፣ አጠገቤ ቀጥ ብሎ ቆመና፣ «ያ ኡም ሳራ! የሳራ እናት! አንቺ ሴትዮ፣ እስከ ዛሬ አልሞትሽም?» የሚል ድምፅ ከሾፌሩ ወንበር ወጣ። ፊቱን ሳላይ አወቅሁት። እንዲህ ያለ ጉሮሮ በካርቱም የተሰጠው ለድንቁ ብቻ ነው። የካርቱሙ ጦርነት ሁላችንን ሲበታትነን እሱ ወደ ገዳሪፍ፣ እኔና ባለቤቴ ታምሩ ወደ ኮስቲ ሄደን ነበርና ከተያየን ቆይተናል። ከስቷል፤ ከፊት ጥርሶቹ ጥቂቶቹ የሉም፤ የለበሰው ሸሚዝ የሌላ ሰው ይመስላል። ድምፁን ግን ማንም አልነካበትም። አቅፌ ስስመው ዕንባዬ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ንዴቴ ተከተለ። ንዴቱ አሮጌ ነው፤ ከሠርጌ ቀን ጀምሮ አብሮኝ የኖረ።

ያኔ እኔ አል-ጣኢፍ በሚባለው የካርቱም ሰፈር አንድ ዶክተር ቤት እሠራ ነበር። ዓርብ ዓርብ ፈቃድ ሲሰጠኝ በቦክስ፣ ማለት ከኋላው አግዳሚ በተገጠመለት ፒክአፕ፣ ከሱዳን ሴቶች መከናነቢያ፣ ከቶባቸው ጋር እየተጠላለፍኩ ያገራችን ሰው ወደሚበዛበት ወደ ዴም እመጣለሁ። ገንዘቡ ስሙ ዲናር ተብሎ ነበር፤ ሰው ግን በድሮ ስሙ ጂነይ እያለ መቁጠሩን አልተወም፤ እኔም መልስ በተቀበልኩ ቁጥር ግራ እየገባኝ መዳፌን ዘርግቼ እቆማለሁ። ማዕዘኑ ላይ ካሴት ቤት ነበር። ባለቤቱ ያገራችንን ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ያስጮኸዋል፤ ካሴቱ በሙቀቱ ከመለጠጡ የተነሳ ዘፋኙ ሁሉ ወባ የያዘው ይመስል ነበር። እኛም ያንኑ እየሰማን እናለቅሳለን። ወንዶቹ ትከሻው በስፖንጅ ያበጠ ኮት ለብሰው በዚያ ቃጠሎ በሩ ላይ ይቆማሉ፤ ላባቸው ባንገታቸው እየወረደ፣ አንዱም ግን አያወልቅም። ከእነዚያ መሀል ኮት ያልለበሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ነጭ እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ፣ ኪሱ ውስጥ ማበጠሪያ። እሱ ነው ታምሩ። ዛሬ ካሴት ቤቱ የነበረበት ግድግዳ በጥይት ወንፊት ሆኗል፤ በሩም የለም። እኔ ግን ባጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር እግሬ ይቆማል፤ ሮጬ ማለፍም ያምረኛል።

እኔ ቁጭ ብዬ መጠበቅ የማልችል ሰው ነኝ፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ታምሩን ያገባሁትም መጠበቅ ሰልችቶኝ ነው፤ እሱ ዓመት ሙሉ «እናያለን» ሲል እኔ ቀኑን ቆረጥኩለት። ግቢ ተከራየን፤ ከፖሊስ የድግስ ፈቃድ አወጣን፤ ቀሚሴን ዴም ያለ ልብስ ሰፊ ከሌላ ሙሽራ ቀሚስ አሳጥሮ አደረሰልኝ። የሱዳን ጎረቤቶቻችን መጥተው እልልታችንን በእነሱ እልልታ አጀቡልን። ታዲያ ልክ ሰው ሞቅ ሲለው ድንቁ ከመሀል ብድግ አለ። የታምሩ የጦር ጓድ ነው፤ አብረው ድንበር የተሻገሩ። በትሩን አነሳና፣

«ዘራፍ! የታምሩ ጓድ!
መትረየስ ሲያጓራ ኮረብታ ላይ ወጥቶ፣
ታምሩ ዝም አሰኘው እሳት ውስጥ ገብቶ!»

ብሎ ግቢውን አናወጠው። ወንዶቹ ተነሱ፤ ሴቶቹ እልልታውን አስነኩት። እኔ በኩራት ወደ ባሌ ስዞር ወንበሩ ባዶ ነው። ሙሽራ በሠርጓ ብቻዋን ተቀምጣ ታውቃላችሁ? እኔ ተቀምጫለሁ። አላስችል ብሎኝ ቀሚሴን ሰብስቤ ወጣሁ፤ ከብስክሌት ጠጋኙ ሱቅ አጠገብ ክራቫቱን አላልቶ ቆሞ አገኘሁት። «ምነው?» ብለው፣ «ሞቀኝ» አለ። ከዚያ በኋላ በዴም በተሠረገው ሠርግ ሁሉ፣ በልጃችን በሳራ ክርስትና ጭምር፣ ድንቁ ይፎክራል፣ ታምሩ ይወጣል። አንድም ቀን «ልክ ነው» አላለም፤ አንድም ቀን «ውሸት ነው» አላለም። ጦሩ ውስጥ ስለተሸለመው ሜዳይ ስጠይቀው መልሱ፣ «ሰጡኝ፤ ድንበር ስንሻገር ጠፋ» ብቻ ነበር። እኔም ንዴቴን ድንቁ ላይ አሳረፍኩት። ባሌን ከወንበሩ የሚያስነሳብኝ እሱ ነዋ!

ታምሩ በጦሩ ውስጥ ሾፌር ነበር። ያገራችን መንግሥት ወድቆ ጦሩ ሲበተን መሣሪያቸውን ድንበር ላይ አስረክበው ገቡ፤ ከዚያም እዚህ ከዓባይ ማዶ ባሕሪ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ተቀጥሮ ፀጉሩ ሳይሸብት በዱቄት ሸበተ። ሲጫወት እንደ ሰው ይጫወታል፤ ይስቃል፤ ወደ ጦሩ ሲመጣ ግን ይዘጋል። ጦርነት እዚሁ ካርቱም ድረስ ተከትሎን መጥቶ ቤታችን ሲዘረፍ እንኳ ከአፉ የወጣው፣ «እንሂድ፣ ጫማሽን አድርጊ» የሚል ብቻ ነበር። ከኮስቲ ስንመለስ ቤቱ በር የለውም፤ የኤሌክትሪክ ገመዱ ከግድግዳው ተመዞ ተወስዷል። ታምሩ በበሩ ቦታ ቆሞ ትንሽ አየና፣ «ከእንግዲህ አገሬ ገብቼ ልሙት» አለኝ። እኔም ሻንጣውን ለማውጣት ዞርኩ። ሻንጣ ግን አልነበረንም።

የእህቱ ልጅ ከአገር ቤት የደወለው በዚያው ሰሞን ነው። የድሮ ወታደሮች እንደገና እየተመዘገቡ ነው፤ የታምሩም ማኅደር ተገኝቷል፤ ግን ላዩ ላይ «መኪና ይዞ የከዳ» የሚል ተጽፎበታል። አሮጊቷ እህቱም ሰው በተሰበሰበበት ይህን ሰምታ ነጠላዋን ተከናንባ ወጥታለች። እውነቱን እኔ አውቃለሁ፤ የሆስፒታሉን ነገር ብቻ ነግሮኝ ነበርና። መኪናው ተመታ፤ እሱ ቆስሎ የሌላ ጦር ሆስፒታል ተኛ፤ የራሱ ክፍል የት እንደገባ አላወቀምና ከድቷል ብሎ መዘገበው። ሜዳዩን የሸለሙት ከዚያ በኋላ፣ ሆስፒታል ተኝቶ ነው። ስለዚህ ሜዳዩ ማኅደሩ ውስጥ ከገባ ክህደቱ ይወድቃል፤ የከዳ ሰው አይሸለምማ። ልጃችን ሳራ ከካይሮ በስልክ፣ «ባባ፣ ኸላስ! ተወው በቃ። ማን ያነባል እሱን ወረቃ?» አለችው፤ ካርቱም ያደገች ልጅ ናትና አማርኛዋ እንዲህ ነው። «እኔ አነበዋለሁ» አላት። «ከሃዲ ተብዬ እናቴ መቃብር አጠገብ አልተኛም።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ ሲመላለስ ይውላል፤ እኔም አብሬው እመላለሳለሁ፤ ጎረቤት ቢያየን አንድ ነገር የጠፋብን ይመስለው ነበር።

ድንቁ ከረክሻው ላይ የጠራኝ እንግዲህ በዚህ መሀል ነው። እንዳጋጣሚ ከአገር ቤት መዝጋቢዎች መጥተው ባገራችን ሰዎች ኮሚኒቲ አዳራሽ ለጥቂት ቀን ተቀምጠዋል፤ የሚፈልጉትም ያገለገለው ራሱ እንዲቀርብና ሁለት የዓይን ምስክር እንዲያመጣ ነው። «ድንቁ፣» አልኩት፣ «ሠላሳ ዓመት የፎከርከው ዛሬ ለቁም ነገር ተፈለገ።» ሳቁ ቆመ። «ምን?» አለ። ስነግረው ጺሙን አሻሸና፣ «ኢንሻአላህ፣ እመጣለሁ» ብሎ ረክሻውን ነዳ። ሁለተኛውን ምስክር ልናመጣ ድልድዩን ተሻግረን ባሕሪ ገባን። ለማ ይባላል፤ እሱም የጦሩ ልጅ ነው፤ መካኒክ። ጋራዡ ጣሪያው ሄዶ፣ እሱ ግን በቆርቆሮ ቁራጭ ጥላ ሥር የጄነሬተር ሆድ ዕቃ ዘርግቶ አገኘነው። ጉዳዩን ስንነግረው እጁን በጋዝ ታጠበና፣ «ያላ፣ እንሂድ! ለታምሩ ካልመሰከርኩ ለማን ልመስክር?» አለ።

መዝጋቢዋ በዕድሜ ገፋ ያለች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ታምሩን «አባቴ» እያለች ወንበር ሳበችለት። ለማ ቀድሞ ጀመረ። መትረየሱ የነበረበትን ኮረብታ በእጁ እየሠራ፣ ታምሩ በደረቱ እየተሳበ እንዴት እንደወጣ፣ ቦንቡን እንዴት እንደወረወረ ሲናገር ዕንባው ወረደ። ሴትዮዋ፣ «በዓይንዎ አይተዋል?» አለችው። «በነዚህ ዓይኖቼ!» አለ። ድንቁ ሲጠየቅ ያንኑ አለ፤ ግን በቀጭን ድምፅ፣ መሬት መሬት እያየ። ታሞ መሰለኝ። እኔ ደስታዬን መቋቋም አቅቶኝ ከወንበሬ ተነስቼ ተቀመጥኩ።

ሴትዮዋ ወደ ኮምፒውተሯ አቀረቀረች፤ ቆየች። «አባቴ፣» አለች ወደ ታምሩ ዞራ፣ «የሜዳይ ተሸላሚዎች መዝገብ ላይ ስምዎ አለ። ግን የተሸለሙበት ምክንያት እነዚህ አባቶች እንዳሉት አይደለም። ወይ እርስዎ ሌላ ታምሩ ነዎት፣ ወይ ደግሞ…» አልጨረሰችውም፤ ጨዋ ናት። «ምክንያቱን እኔ አልነግርዎትም። ከሰዓት በኋላ ይመለሱና ራስዎ ይንገሩኝ። እኛ ነገ ጠዋት እንሄዳለን።»

ግቢው ውስጥ ካለች ኒም ዛፍ ሥር ወጣን። ለማ ተቆጥቷል። «ሠላሳ ዓመት የማየውን ነገር እሷ ከመቼ ወዲህ ነው የምታርመኝ?» ይላል። እኔ ግን መጠርጠር ጀምሬያለሁ። «ለማ፣» አልኩት፣ «አንተ የት ቆመህ ነው ያየኸው?» አፉን ከፈተ። «እኔማ… እ… ያን ወር እንኳ…» አለና ቆመ። ጣቱን ግንባሩ ላይ አደረገ። «ያን ወር እኔ ኋላ ደጀን ጋራዥ ነበርኩ» አለ ቀስ ብሎ። «ታዲያ ይሄ ሁሉ የሚታየኝ ከየት መጣ?» ከሠርግ ነዋ፣ ከየት ይመጣል! ድንቁ ሲፎክር፣ ለማ ሲቀበል፣ ሰው ሲያጨበጭብ፣ ኮረብታው ከዓመት ዓመት እየገዘፈ፣ ታምሩ በደረቱ እየተሳበ፣ ይኸው ለማ ዓይን ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ። ሰውየው አልዋሸም። እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሳሳት ከእኛ በቀር ማን አለ? ሳቄም ለቅሶዬም እኩል መጡብኝ። ድንቁን ልጠይቀው ስዞር የለም፤ «ሲጋራ ልግዛ» ብሎ ወጥቷል።

ታምሩ በፀሐዩ ውስጥ ከአጥሩ እስከ በሩ ይመላለሳል። ተከተልኩት። «የተሸለምክበትን ታውቀዋለህ?» አልኩት። «አውቀዋለሁ።» «ታዲያ ግባና ተናገራ!» «ብናገር ድንቁ ውሸታም ይሆናል፤ ለማም።» ነደደኝ። «የድንቁን ጉሮሮ ለማዳን አንተ ከሃዲ ተብለህ ልትሞት ነው? እህትህስ?» አልኩት። ቆመና አየኝ። «ሌላም ነገር አለ፤» አለ፤ «ለአንቺም ያልነገርኩሽ። እዚያው ትሰሚዋለሽ።» አንድ አልጋ ላይ ዕድሜዬን ጨርሼ እንዲህ ስባል ከመቆጣት ይልቅ ፈራሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት እንዴት እንዳሳለፍኩት አላውቅም። እስከ ማዕዘኑ ሄድኩ፤ ተመለስኩ፤ ደግሞ ሄድኩ። ድሮ ቦክስ ከምንጠብቅበት ጥግ አንዲት ሻይ ሻጭ ሴት፣ «ያ ኻላ፣ አክስቴ፣ ተቀመጪ፣ ታዞሪኛለሽ» አለችኝ፤ አልተቀመጥኩላትም።

ከሰዓት በኋላ ስንገባ ድንቁ ከኋላ ወንበር ተቀምጧል። መቼ እንደገባ አላየሁም። ታምሩ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ውኃ ነው፣ ልጄ» አለ።

ሴትዮዋ እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳች።

«የውኃ ቦቴ ነበር የምነዳው። አንድ ሻለቃ ጦር ኮረብታ ላይ ተከቦ ውኃ አልቆበት ነበር። ‹መንገድ ላይ እንዳትቆም፤ ከቆምክ ይመቱሃል፤ አንተ ከተመታህ ሻለቃው በጥም ያልቃል› ተባልኩ። ሄድኩ። ይተኩሱብኛል፤ እነዳለሁ። መንገዱ ዳር ቁስለኞች ነበሩ፤ የእኛው ልጆች፣ ከቀደመው ቀን የቀሩ። ቦቴውን ሲያዩ ውኃ መሆኑን አወቁ። በየቦታው እጃቸውን ያነሱልኛል። አንዱ ኮዳውን ከፍቶ ገለበጠና ባዶነቱን አሳየኝ። አልቆምኩም። መስኮቱን ዘጋሁት። እዚያ ስደርስ ሻለቃው ጠጣ፤ ሰው ጎማዬን ሳመ። ስመለስ መቱኝ፤ ሆስፒታል ነቃሁ። ሜዳዩን አምጥተው ትራሴ አጠገብ አኖሩት። የዚያ ልጅ ኮዳ ግን… ሠርግ ላይ ስሜ ሲጠራ እሱ ነው የሚመጣብኝ። በደስታ መሀል መቀመጥ አቃተኝ።»

እጁን ልይዘው ፈለግሁ፤ ወንበሩ ራቀብኝ። ይህን ሰው በሠርጌ ቀን ስለተነሳ ብቻ ሠላሳ ዓመት በልቤ አኩርፌዋለሁ። ለማ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል።

«መዝገቡ የሚለው ይህንኑ ነው» አለች ሴትዮዋ፤ ድምፅዋ ተለውጧል። «የሻለቃው አዛዥ ነው የመሰከረልዎት፤ እሱን እንደ አንዱ ምስክር እቆጥረዋለሁ። ግን አባቴ፣ ማኅደሩን ለማረም እዚህ ያለ የዓይን ምስክር ያስፈልገኛል። የጠዋቱን ምስክርነት ልጠቀምበት አልችልም። ቢያንስ አንድ፣ ቦቴውን ሲነዱ ያየዎት ሰው ከሌለ እጄ ታስሯል።»

ታምሩ ቆቡን አነሳና ሊቆም ተነቃነቀ። እህቱ ታወሰችኝ፤ ነጠላዋን ተከናንባ ስትወጣ። እሪ ልል ምንም አልቀረኝም።

«አንድ ሰው አለ» አለ ድንቁ ከኋላ።

ተነስቶ መጣ። በትር የለውም፤ ድምፁም የሠርጉ ድምፅ አይደለም። ጠረጴዛውን ተደግፎ ቆመ።

«ኮዳውን የገለበጥኩት እኔ ነኝ፤» አለ። «ጭኔን ተመትቼ መንገዱ ዳር ነበርኩ። ይህ ሰው ቦቴውን ሲነዳ በዓይኔ አይቼዋለሁ። እጄን አነሳሁ፤ አልቆመም። መስኮቱን ሲዘጋም አይቼዋለሁ። ማታ ሌሎች አነሱኝ። የጠዋቱን ሰርዢና ይህን ጻፊ።»

ታምሩ ግማሽ እንደቆመ ቀረ። «ታውቀኝ ነበር?» አለው።

«እንዴት አላውቅህም? ድንበር ላይ ሳገኝህ ልገድልህ ነበር። መሣሪያችንን አስረክበን ነበርና በምን ልግደልህ? ካርቱም ገብተን እገድለዋለሁ አልኩ። ከዚያ ዴም ስመጣ የዚያ ሻለቃ ልጆች ያንን ትልልቅ ኮታቸውን ለብሰው መንገድ ላይ ቆመው ይሳሳቃሉ። በሕይወት! አንተ ብትቆም ኖሮ አንዳቸውም አይኖሩም ነበር። እነሱን እያየሁ ቂሜ አለቀ።»

«መትረየሱስ ታዲያ?» አልኩት እኔ፤ ከአፌ አመለጠኝ።

«ኡም ሳራ፣» አለ፣ «ጀግና ነውና ልፎክርለት ይገባኛል። ውኃ ብዬ ልፎክር ስል ግን ጉሮሮዬ ይደርቃል። ምን ላድርግ? መትረየስ ሰጠሁት።»

ታምሩ ጨርሶ ተነሳ። ሄዶ አጠገቡ ቆመ፤ ትከሻውን ይዞ ቆመ። ሴትዮዋ ዓይኗን በመሐረብ ጠርጋ መጻፍ ጀመረች። የድንቁን ስም ጠየቀች፣ የነበረበትን ክፍል ጠየቀች፣ ቀጥላም፣ «ምስክሩ ከአመልካቹ ጋር ዝምድና አላቸው?» አለች።

«ወንድሜ ነው» አለ ታምሩ።

ድንቁ በክርኑ ጎሸመው። «ዝም በል አንተ! ምስክርነቴን ልታበላሽብኝ ነው? ልጄ፣ ዝምድና የለንም ብለሽ ጻፊ።»

እሷም እንደዚያው ጻፈች።